የሣር ማጨጃውን የጠገንኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ወር አቶ ታፈሰ ሆሳዕና ውስጥ ተቀበረ። እኔና ሙስሊም ጎረቤቶቼ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ ጃንጥላ ይዘን ቆመን ነበር፤ ያካፋል። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ በድምፅ ማጉያው አንድ ቃል ሳይጎድል ይደርሰናል። የት እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ስንት ልጅ እንዳሳደገ ተነበበ። ከዚያ አንባቢው ጉሮሮውን ጠረገና «በማሠልጠኛ ጣቢያው የጥገና ክፍል ኃላፊ ሳሉ፣ ለዓመታት ተጥሎ የነበረውን የሣር ማጨጃ ማሽን በራሳቸው ብልሃትና ጥረት ጠግነው ለአገልግሎት አብቅተዋል» አለ።

አጠገቤ የቆመችው ጎረቤቴ ፊቴን አይታ አመመሽ እንዴ አለችኝ። እግሬን ነው አልኳት።

ሙት አይወቀስም ይባላል። እኔ ግን በሕይወት ሳለም አልወቀስኩትም፤ ታዲያ መቼ ልውቀሰው? በፊቱ «እርስዎ» ነበር የምለው። እዚህ ወረቀት ላይ «እሱ» ይበቃዋል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ ከሆሳዕና አዲሎ እህል የሚያመላልስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ መኪናው ሲቆምበት ከሥሩ ገብታ መፍቻ የምታቀብለው እኔ ነበርኩ። ማቀበሉ ቀስ በቀስ መፍታት ሆነ፣ መፍታቱ ደግሞ መግጠም። ሲሞት የወረስኩት ይህንኑ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለውን የእንሰት ማሳማ እህቱ ሩቂያ «የወንድሜ ነው» ብላ ግማሹን በአጥር ከፈለችው። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ሽማግሌ ተነሣ፣ አጥሩ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ከአክስቴ ጋር ሰላምታ አቆምን። ከደጃችን እስከ ደጇ ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሃያውን እርምጃ ሳያዩ መኖር ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ማሠልጠኛ ጣቢያው ውስጥ የጥገና ክፍሉን እየጠረግኩ በቀን ሠራተኛነት እሠራ ነበር። እናቴ አንዲት ላም ነበረቻት። ላሟ የምትበላው ሣር ደግሞ የጣቢያው ሣር ነበር።

ይህን ማስረዳት አለብኝ፣ ታሪኩ ያለዚህ አይገባም። ጣቢያውን የሠሩት የውጭ አገር ሰዎች ሰፊ ሜዳ ትተው ነበር የሄዱት። ከብት ማስገባት በጽሑፍ የተከለከለ ነው። ዘበኛው ላምቤቦ ግን በየሳምንቱ አንድ ቅል እርጎ እየተቀበለ፣ ሲመሻሽ የሰፈራችንን ላሞች ያስገባል፣ ሲነጋ ያስወጣል። ሰባት ቤት ነበርን። እያንዳንዷ ሴት ከግንባታው የተረፈ ፌሮ ለቅማ፣ ጫፉን እንደ ቀለበት አስጠምዝዛ ችካል አድርጋዋለች። ችካሉ ጠዋት አይነቀልም። በድንጋይ ተመትቶ ቀለበቱ ብቻ እስኪቀር ይገባና ሣሩ ይሸፍነዋል። ኃላፊዎቹ እንዳያዩት ብቻ አይደለም፤ ችካልሽ ያለበት ሣር ያንቺ ሣር ነው። ከነቀልሽው ሌላዋ ትተክልበታለች። ማታ መጥተሽ በጣትሽ ዳብሰሽ ቀለበቷን ታወጫለሽ፣ ገመዱን ትቋጥሪያለሽ፣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። በዚህ ሥርዓት ስንት ዓመት ወተት ጠጥተናል።

ማሽኑ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር ተጥሎ ነበር። ከኋላው ሆነው ሁለት እጀታ ይዘው እየተራመዱ የሚነዱት፣ ሞተሩ ራሱ የሚጎትተው፣ ሆዱ ሥር እንደ ክንድ የሚረዝሙ ምላጮች ያሉት ትልቅ ነገር ነው። የቤት አጥር ሣር ለመከርከም የተሠራ አልነበረም፤ የኳስ ሜዳ የሚያህል ቦታ ሲያጭድ የኖረ ነው። እኔ ሳገኘው ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ነበር። ላሜራው ዝጎ ተበስቷል፣ ማስነሻው ተሰብሯል፣ ጎማው ውስጥ ሣር በቅሏል።

ነሐሴ ላይ፣ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች በመስከረም ማለቂያ ጣቢያውን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ሜዳው ወገብ ደርሷል። ታፈሰ ይህን ሣር በማጭድ ማን ይጨርሰዋል እያለ ሲያማርር ሰማሁና ማሽኑን ልየው ብዬ ጠየቅኩት። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለት መካኒኮች ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ይህን አልክድም።

«ኑሪያ፣ መጥረጊያሽን የት ልታደርጊው ነው?» አለኝ።

«ማሽኑ ከተነሣ መጥረጊያውን ሌላ ሰው ይያዘው» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «ካስነሣሽው በረዳት መካኒክነት ቋሚ አስቀጥርሻለሁ። ካላስነሣሽው ደግሞ ሁለተኛ ከዚህ በር አታልፊም» አለ። ሁለቱ መካኒኮች ምስክር ነበሩ። በኋላ ግን ሁለቱም አልሰማንም ብለዋል።

ሥራውን ከሞተሩ ጀመርኩ። ፒስተኑ ተጣብቋል። ካንዴላውን ፈትቼ በቀዳዳው ዘይትና ናፍታ አፈሰስኩበትና ሦስት ቀን ተውኩት። በአራተኛው ቀን ሲንቀሳቀስ እጄ ላይ ተሰማኝ፤ የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት እንደሚሰማው ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ዝገት ለማውጣት ጠጠርና ቤንዚን ጨምሬ፣ አፉን ደፍኜ፣ ወተት እንደሚናጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ግማሽ ቀን ናጥኩት። ካርቡሬተሩን በዶሮ ላባ ጠረግኩ። የማስነሻው ገመድ የለም፤ እናቴ ከእንሰታችን ቃጫ ገምዳ ሠራችልኝ። ከናይለኑ የሚሻል ነበር፣ አያሟልጭም።

የሞተሩን ኃይል ለምላጩ የሚያደርሰውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ያገኘሁት ሞርሲቶ ከተማ ነው። ወፍጮ ቤት የጣለውን፣ ዱቄት ያነጣውን ቺንጋ በልመና ወሰድኩ። ረዘመብኝና ሞተሩን ሁለት ጣት ያህል ወደ ኋላ አስሸሽቼ በአዲስ ቀዳዳ አሰርኩት። ምላጩ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ፍለጋ ደግሞ አዲሎ ወረድኩ። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አውቶቡሱ ሁለት ጊዜ ተይዞ ወርደን ገፋነው። በየመንገዱ ዳር ሴቶች የደረሰ የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። አዲሎ ላይ አባቴን የሚያውቅ መለዋወጫ ነጋዴ ነበር። ማን መሆኔን ሲሰማ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቅርቦ፣ እየበላሁ ሳለ ካርቶን ሙሉ አሮጌ ኩሽኔታ ፊቴ ደፋልኝ። አንድ በአንድ እያሽከረከርኩ ጆሮዬ ላይ እያስጠጋሁ መረጥኩ። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ሰውዬው ይህንን አይቶ አንገቱን አዙሮ ቆየ።

ከአዲሎ በተመለስኩበት ቀን አንድ ነገር ሆነ። ጭቃ ለብሼ፣ ደክሞኝ፣ ደጃችን ላይ እግሬን ስታጠብ ሩቂያ በአጥሩ በር ገባች። በዓመት ከመንፈቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። በኮባ ቅጠል የተከደነ ጣባ ይዛለች። አላየችኝም፣ አላየኋትም። ጣባውን ደጃፉ ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ወጣች። እናቴ ገበያ ናት። ጣባውን አነሣሁት፣ ሞቅ ይላል። ሽማግሌዎቹ መክረዋት ማስታረቂያ የላከች መሰለኝ፤ ግማሽ ማሳ ወስዳ በአንድ ጣባ ልትሸነግለን። ቅጠሉን ሳልገልጥ ይዤው ሄድኩና ደጇ ላይ አስቀመጥኩት። ለእናቴም አልነገርኳትም።

የምላጮቹን ብሎን ስገጥም የሆነውን በደንብ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምላጮቹን ሞርሳ ላይ አስሬ በሞረድ ሳልኳቸው። ብሎኑን አጠበቅኩ፣ መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቼ እስኪያቃስት ድረስ ደግሜ አጠበቅኩ። ከዚያ ከብሎኑ አናት እስከ ምላጩ ድረስ በነጭ ቀለም አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመርኩ። አባቴ የመኪናውን ጎማ ብሎን እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ብሎኑ በፀጉር ያህል ቢላላ መስመሩ ይሰበራል፣ ጎንበስ ብሎ ለሚያይ ሰው ይናገራል።

የተነሣ ቀን ገመዱን ስድስት ጊዜ ሳብኩ። በሰባተኛው ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዶሮዎቹ ጣሪያ ላይ ወጡ፣ ሁለቱ መካኒኮች ከክፍሉ ወጥተው ቆሙ። ታፈሰ ድምፁን ሰምቶ መጣና ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየው። «በቃ፣ አስነሣነው» አለ። «አስነሣነው» ያላት ቃል ያኔውኑ ልታሳስበኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደስታ ሰው ያደነቁራል።

አሁን የቀረው ችካሉ ነው። የሚታጨደው ከባንዲራው ፊት ያለው ሜዳ ነበር፤ የሰባታችንም ችካል እዚያ ነው። ለታፈሰ ብነግረው ከብቶቹ ይባረራሉ፣ ላምቤቦም እንጀራውን ያጣል። ባልነግረው ምላጩ ብረት ያገኛል። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞሬ ችካላቸውን ለሁለት ቀን እንዲነቅሉ ለመንኩ። ቀላል አልነበረም። አንዷ ለላማችን የሚሆነውን ሣር ለብረትሽ ልታበዪ ነው አለችኝ። ሌላዋ ቦታዬን ከነጠቁኝ አንቺ ትመልሺልኛለሽ ወይ አለች። የታጨደውን ሣር ተሸክሜ በየደጃቸው እንደማደርስ ማልኩላቸው። አምስቱ ነቀሉ፣ የእኛን እኔ ነቀልኩ።

ሩቂያ ዘንድ አልሄድኩም። የላሟን ቦታ አውቀዋለሁ፣ ሜዳው ላይ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ነው። ሣሩን ዳብሼ ቀለበቱን አገኘሁ፣ ችካሉን ራሴ ነቅዬ የጽዱ ግንድ ላይ አስደገፍኩት። ሰባት። ሜዳው ንጹሕ ነው ብዬ ገባሁ።

እንግዶቹ የመጡ ቀን ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ አደይ አበባው አጥሩን ሞልቶታል። ዳስ ተጥሎ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ከፊሉ ሜዳ ማለዳ በእኔ እጅ ታጭዶ የቀረው ለእይታ ተትቷል። ማሳየት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። ብሎኑን አይቻለሁ፣ መስመሩ ቀጥ እንዳለ ነው። እንግዶቹ ሲቀመጡ ግን ታፈሰ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ መጥቶ እጀታውን ያዘ።

«እኔ ልንዳው፤ አንቺ ገለል በይ፣ ልብስሽ ግራሶ ነው» አለኝ።

ቀስ ብለው ይልቀቁት ብቻ አልኩትና ገለል አልኩ። አንድ መስመር ሄደ፣ ተጨበጨበ። ሁለተኛ ሄደ። ሦስተኛው ላይ፣ ከጽዱ አሥር እርምጃ ርቆ፣ ደወል በመዶሻ የተመታ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ማሽኑ ዘለለ። ታፈሰ ተቀመጠ፤ ወደቀ አልልም፣ እንደሚቀመጥ ሰው ነው የሆነው። የተሰበረው የምላጭ ጫፍ ከሥር ወጥቶ ቅልጥሙን መትቶታል። ሮጬ የካንዴላውን ሽቦ ነቀልኩ፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ያኔ ነው ጩኸቱን የሰማነው።

ሰዉ እሱን ተሸክሞ ሲሄድ እኔ ተንበርክኬ ከማሽኑ ሥር አየሁ። ብሎኑ በቦታው ነው። ነጩ መስመር በተረፈው የምላጭ ጉማጅ ላይ ቀጥ ብሎ ይታያል። ሣሩ ውስጥ ደግሞ አጭር፣ አዲስ፣ ጫፉ የተቀጠቀጠ ችካል አለ። ቀና ስል ላምቤቦ አናቴ ላይ ቆሟል። ችካሉን ወዝውዞ ነቀለ፣ ካፖርቱ ሥር ከተተና ሄደ።

እቤት ስደርስ ሩቂያ ደጃችን ላይ ቆማ ነበር። ላምቤቦ ነግሯት ይሆናል። ሻርፗን በሁለት እጇ ይዛለች።

«ላሜ ከወለደች ሁለት ሳምንቷ ነው» አለችኝ። «ጥጃዋን ከትናንት በስቲያ ነው ማውጣት የጀመርኩት። እንገሩን አፍልቼ ሳመጣልሽ መልሰሽ ደጄ ላይ ጣልሽው። መወለዷን ማን ይንገርሽ?»

እንገር ምን እንደሆነ ለማያውቅ፦ ላም ስትወልድ መጀመሪያ የሚታለበው ወፍራም ወተት ነው። በእኛ ዘንድ ጎረቤት ሳይቀምሰው ባለላሟ አትቀምሰውም፤ የተጣላም ቢሆን ይቀምሳል። ጥጃ ደግሞ ከእናቷ ራቅ ተደርጋ በራሷ ችካል ትታሰራለች፣ አለዚያ ጠዋት የሚታለብ አይተርፍም። ቅጠሉን ብገልጥ ኖሮ ጥጃ መኖሩን አውቅ ነበር። ጥጃ መኖሩን ባውቅ ስምንተኛ ችካል እፈልግ ነበር። የላም ቤት ልጅ ነኝ፣ ማንም ሳይነግረኝ እፈልገው ነበር።

ሩቂያን እዚያው ትቼ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ለእናቴ ስለ ችካሉ ነገርኳት፣ ስለ ጣባው አልነገርኳትም። «አትናገሪ» አለች። «የሰባት ቤት ጉሮሮ ካንድ ሥራ ይበልጣል።»

በሳምንቱ ኮሚቴ ተሰይሞ ጠራኝ። ብሎኑን አጥብቀሻል ወይስ አላጠበቅሽም ነበር ጥያቄው። አጥብቄያለሁ አልኩ። ማሽኑን ይዩት፣ መስመር አለበት አልኩ። ታፈሰ ከተኛበት፣ ብሎኑ ልል ነበር፣ ስነዳው ይንቀጠቀጥብኝ ነበር ብሎ ቃሉን ልኳል። ጎንበስ ብሎ መስመሩን ያየ ሰው አልነበረም። በግድየለሽነት ተብዬ ተሰናበትኩ። ከሆስፒታል ሲወጣ በሰው ፊት የተናገረውም ደርሶኛል፦ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለሴት ልጅ ሞተር የሰጠሁ።» ከዚያ ወዲያ እድሜ ልኩን አነከሰ። ከተማው ሲያነክስ ባየው ቁጥር እኔን ያስታውስ ነበር።

ሰባቱ ሴቶች ሁሉንም ያውቃሉ። በአደጋው ማግስት ችካላቸውን በየቦታው መልሰው ተከሉ። አንዳቸውም አመሰግናለሁ አላሉኝም፤ ሣሩን በየደጃቸው ሳላደርስ መቅረቴን ግን ያስታወሰችኝ ነበረች። እናቴም ቢሆን ደግማ አላነሣችውም። እኔ መፍቻ ሁለተኛ አልያዝኩም። ዱራሜ አግብቼ ሄድኩ፣ በርበሬና ቡላ ነገድኩ፣ ባሌ ሲሞት ወደ ሆሳዕና ተመለስኩ። ጎረቤት ውስጥ የውኃ ፓምፕ ሲያስቸግር ጉድለቱ የት እንዳለ ከድምፁ አውቃለሁ፤ ዝም እላለሁ። ሩቂያ ስትሞት ቀብሯ ላይ ቆሜአለሁ። ሳንነጋገር ሞተች።

ወደ ታፈሰ ቀብር ልመለስ። ከቀብሩ በኋላ ለቅሶ ከተቀመጥንበት ድንኳን ልወጣ ስነሣ ልጁ ዳዊት ተከትሎኝ ወጣ። ደህና ልጅ ነው፣ የአባቱን ቁመት እንጂ አመሉን አልወሰደም።

«እትዬ ኑሪያ፣ አባባ ያነሡዎት ነበር» አለኝ። «ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ አንዲት ብሎን ባትረሳ ይሉ ነበር።»

ደስ የሚያሰኘኝ መስሎት ነው።

«ብሎኑን አልረሳሁም» አልኩት።

«ታዲያ ምን ሰበረው?»

ይህን ሁሉ ዓመት ማንም ይህን ጥያቄ መልሱን ለመስማት ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሜዳው ዛሬ ሕንፃ ሞልቶበታል፤ ላሞቹም ሴቶቹም ላምቤቦም አልፈዋል። የምከልለው ሰው አልቀረም። ስለ ችካሎቹ ነገርኩት። እንዴት እንደሚተከሉ፣ ስንት ቤት እንደነበርን፣ ለምን አፌን እንደያዝኩ ነገርኩት። ዝናቡ ነጠላው ላይ እየወረደ ቆሞ ሰማኝ።

«ለሰባት ቤት ብለው ስምዎን ሰጡ ማለት ነው» አለ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ነበር የኖርኩት። ሲመጣ ግን አልጣፈጠኝም። ለሴቶቹ ብዬ ዝም አልኩ እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ፤ ለእነሱም ነበር። ነገር ግን ያኔ ችካል ነው ብል ኖሮ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የማን ችካል ነው የሚል ነበር፣ ከዚያም አክስትሽን ለምን አልጠየቅሽም የሚል። ቂመኛ ከመባል ብሎን የረሳች መባሉን መረጥኩ። ይህን ለዳዊት አልነገርኩትም።

ልጁ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። አልከለከልኩትም።